የቆላ ሰው ቤት መዋል ያውቅበታል

ቤት ነህ?

ስንተኛ ቀንህ ነው? ሦስተኛ? ሁለተኛ ሳምንት? ወይስ መቁጠሩን ትተኸዋል?

ምናልባት የደሴ መንገድ ተዘግቶብህ ነው። ምናልባት ወባ ጥሎህ ጉልበትህ ገና አልተመለሰም። ምናልባት ተመርቀህ፣ ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ፣ የሥራ ማስታወቂያ ትጠብቃለህ። ምናልባት አንቺ አራስ ነሽ፤ ወይ ደግሞ አልጋ የያዙ እናትሽን ታስታምሚያለሽ። ምክንያቱ እንደየቤቱ ይለያያል። የሚከተለው ነገር ግን በየቤቱ ያው ነው። ቀኑ ይረዝማል። ሰውነት ይከብዳል። እንቅልፍ ይዛባል። ትንሿ ነገር ታስቆጣለች።

እንግዲያው ልንገርህ። ቤት መዋል አይጎዳህም። የሚጎዳህ ሰዓት የሌለው ቀን ነው።

ሥራ ስትወጣ ቀንህን ሌላ ሰው ይቆርጥልህ ነበር። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ አለቃህ፣ የባጃጁ ወረፋ፣ የሰንበቴ ገበያ። ቤት ስትውል ያ ሁሉ ይቀራል። ቀኑ እንዳልተቆረጠ ጣቃ ጨርቅ ፊትህ ይዘረጋል። ታዲያ መቀሱን ማን ይያዝ?

አንተ ያዘው!

ደስ የሚለው ነገር፣ የይፋት ቆላ ሰው ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ የለበትም። ጣርማ በር ላይ ጋቢ የተከናነበ ተሳፋሪ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ጉዞው ወደ አጣዬ ሲቀጥል ጀውሃ ላይ መስኮት ካልተከፈተ አይሆንም። ቆላ ነው! ቆላ ደግሞ ሰውን በየቀኑ ቤት ያስገባል። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ማን ሜዳ ላይ ይገኛል? ገበሬው ሳይነጋ ወጥቶ፣ ማሽላውን አርሞ ወይ ሽንኩርቱን አጠጥቶ፣ ቀትር ሳይደርስ ጥላ ይገባል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደገና ይወጣል። እናቶች ምጣዱንም ውኃውንም የሚያስኬዱት በዚሁ ልክ ነው።

ይህ ስንፍና ይመስልሃል? አይደለም። የይፋት ሰው ከፀሐይ ጋር አይታገልም፤ ሰዓት ይካፈላታል። እሷ ቀትሩን ትወስዳለች፣ እሱ ጎሁንና ምሽቱን ይወስዳል።

ስለዚህ አዲስ ሩቲን ፍለጋ ዩቲዩብ ላይ አትንከራተት። ከአያትህ ውሰድ።

ከጎህ እንጀምር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። አዛኑ ተሰምቷል፣ ደወሉም ተደውሏል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ጀውሃ ላይ ከቀኑ ሁሉ ምርጡ ሰዓት ይሄ ነው፤ ደግሞም በነፃ ነው።

አንተ ግን በዚህ ሰዓት የት ነህ? እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልክ ስትጎረጉር አምሽተሃል። አሁን ድብን ያለ እንቅልፍ ላይ ነህ። ከዚያ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ላብ ይቀሰቅስሃል። ቀንህን ሳትጀምረው ሙቀቱ ቀደመህ!

ነገ አትፍቀድለት።

ተነስ። በሩን ክፈት። መስኮቱን ክፈት። ታጠብ። ውኃ ጠጣ። ከዚያም ስልክህን ከመንካትህ በፊት ሰውነትህን አንቀሳቅስ።

ስንት ደቂቃ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ዝቅተኛውን ለሰባት ቀን አካፍለው። በቀን 22 ደቂቃ አይሞላም። ሃያ ሁለት ደቂቃ! ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ከምትጠብቀው ያንሳል። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ጨምርበት።

ጂም የለም አትበለኝ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ባለ 5 ሊትሩ 5 ኪሎ። ሁለት ባለ 5 ሊትር በሁለት እጅህ ይዘህ ቁጭ ብድግ በል። ዱካ ላይ ተቀመጥና እጅህን ሳትደገፍ ተነስ። ግድግዳውን ገፍተህ ፑሽ አፕ ሥራ። ግቢ ካለህ ግቢህን ዙር። ግቢ ከሌለህ በቆምክበት ሩጥ።

በቆሙበት መሮጥ ምን ይሠራል?

ኔልሰን ማንዴላን እናንሳ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም ከአሠልጣኞቻቸው አንዱ ነበሩ። ረጅም አድካሚ የእግር ጉዞ የሥልጠናው አንድ ክፍል ነበር። አገራቸው በተመለሱ ሰሞን ተያዙ። ከ27ቱ የእስር ዓመታት 18ቱን ያሳለፉት ሮበን ደሴት ላይ፣ በሦስት እርምጃ በምታልቅ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ምን ያደርጉ ነበር? ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እስከ 45 ደቂቃ በቆሙበት ይሮጡ ነበር። ከዚያ ፑሽ አፕ፣ ከዚያ ሲት አፕ። የተቀሩትን ሦስት ቀናት ያርፋሉ። ዕረፍቱም ፕላን ነበረው! ይህን ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል።

ሦስት እርምጃ። የአንተ ሳሎን ስንት እርምጃ ነው?

ከሕመም ወይም ከወሊድ ገና የተነሳ ሰው በዝግታ ይጀምር። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አጥር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትመጣ ጠይቃት። ለአንዳንድ ሰው የዛሬ ድል አጥሩ ድረስ ደርሶ መመለስ ነው፤ እሱም ድል ነው።

ቀትር ሲመጣ ከፀሐይዋ ጋር ያደረግከውን ስምምነት አክብር። ጥላ ግባ። ውኃ ጠጣ፤ ጥሙ እስኪያስገድድህ አትጠብቅ። ሽንትህ ከጠቆረ ዘግይተሃል ማለት ነው። መተኛት ካማረህ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተኛ፤ አላርም ሙላ። ቀትር ላይ ሁለት ሰዓት የተኛ ሰው የሌሊቱን እንቅልፍ አስቀድሞ በልቶታል።

የቀረውን የቀትር ሰዓት ለጭንቅላትህ ስጠው። አንድ ነገር ምረጥ፤ አንድ ብቻ። እንግሊዝኛ? የሒሳብ አያያዝ? የልብስ ስፌት? ከሁለት ዓመት በፊት የጀመርከው መጽሐፍ? በየቀኑ አንድ ሰዓት ስጠው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ በደንብ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ለስንት ጊዜ? ለ15 ቀን! ያኔ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያስታውሳል፤ 15 ቀኗ ወራት ወለደች። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ አዲስ ዓመት ተሻገረ።

በዚያ ጊዜ «ሲከፈት እጀምራለሁ» ያለ ልጅ ነበር። የታላቅ እህቱን የቀጣይ ክፍል ደብተር ከሣጥን አውጥቶ ያነበበም ልጅ ነበር። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ሬዲዮ ያልነበረው ቤት ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ስለዚህ የመሣሪያ ጉዳይ አላደርገውም። የአስተሳሰብ ጉዳይ ነው። አንዱ በሩ እስኪከፈት ሕይወቱን አቆመ። ሌላው በሩ ተዘግቶም ሕይወቱን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲህስ? በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሰዓት እላፊው፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የዳታው መጥፋት ለዚህ አካባቢ ሰው የሩቅ ዜና አይደለም። ቤት የዋለው ወዶ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያጣኸውም ገቢ፣ የቀረብህም ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህ ነው አምርሬ የምነግርህ፤ መንገዱን ማን እንደሚከፍተው አንተ አትወስንም። ነገ ስንት ሰዓት እንደምትነሳ ግን አንተ ትወስናለህ። የምትወስነውን አጥብቀህ ያዝ!

«ሲከፈት»፣ «ሲረጋጋ»፣ «ሲያልፍ» የሚሉትን ቃላት ለአንድ ሳምንት ከአፍህ አውጣቸው። በምትካቸው «ዛሬ» በል።

አሁን ጓዳ እንግባ።

ማሾ አለህ? ቀወት ወረዳ ማሾ አብቃይ ነው። ነጋዴው በኩንታል ገዝቶ ወደ ውጭ አገር ገበያ ይልከዋል። አንተ ግን ለሦስተኛ ቀን ፓስታ ትቀቅላለህ! 100 ግራም ደረቅ ማሾ ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። ሥጋ ተወደደ ብለህ ታዝናለህ፤ ፕሮቲኑ ጆንያ ውስጥ ተቀምጦ ያይሃል። ንፍሮ አድርገው። በሽንኩርትና በቲማቲም ወጥ ሥራው። በማሽላ እንጀራ ብላው፤ ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ፓፓያና ማንጎ በወቅታቸው ከደጅህ አይጠፉም። ከእነሱ ጀምር።

ጨው ቀንስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብትሞላ ነው። ቡናውም፣ ሻዩም፣ ስኳሩም ቤት ሲዋል ሳይታወቅ ይበዛል። ደግሞ እርሻ በዋልክበት ቀን የምትበላውን ቁጭ ባልክበት ቀን አትድገመው። ሆድህ አልጠየቀም፤ እጅህ ሥራ አጥቶ ነው።

ስለ ጫትም እናውራ። አትሽሽ።

ጫት ለይፋት እንግዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ሲዋጋ፣ የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱን የንጉሡ ዜና መዋዕል መዝግቦታል። የቆየ ነገር ነው። ስለዚህ በባህሉ ላይ ክርክር አልገጥምህም። የምጠይቅህ ሌላ ነው። ቤት በዋልክ ቁጥር ስንት ሰዓት ይወስድብሃል?

ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል። ምርቃናው ሲመጣ ሱቅ ይከፈታል፣ መኪና ይገዛል፣ ፎቅ ይሠራል። ሲወርድ ግን ያው ፍራሹ ላይ ነህ። እራት አላሰኘህም። እንቅልፍ የለም። ሌላው ደግሞ ለማውረድ ጨብሲ ይላል። ሌሊቱ ዐይን ፈጦ ያልፋል፤ እንቅልፍ ሲመጣ ጎህ ቀዷል። ያቺን ቀዝቃዛ፣ ያቺን ውድ ሰዓት ያጣሃት በዚህ ነው። ዋናው ኪሳራህ ከብሩ በላይ ጎህህ ነው።

ዛሬውኑ መቁረጥ ትችላለህ? ቁረጥ! አልቻልክም? ቀን ለይለት፣ ሰዓት አሳጥርለት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ ድብርቱም ዱካኩም ይመጣል። ይምጣ። ያልፋል። የጫቱን ብር ለአንድ ሳምንት ጣሳ ውስጥ ጣል። እሑድ ቁጠረው። ከዚያ በኋላ ክርክሩን ከእኔ ጋር ሳይሆን ከጣሳው ጋር ታደርገዋለህ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። አንተ «ቤት ዋልኩ» ብለህ ታማርራለህ። ባለቤትህስ? እናትህስ? እህትህስ? መቼ ወጥተው ያውቃሉ?

አንተ ቤት ስትውል የእነሱ ሥራ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? አስበው። እንጀራው ይጨምራል። ቡናው ይደጋገማል። ውኃው ቶሎ ያልቃል። አንተ ዐርፈህ እሷ ደክማ ያ ቤት ጤና ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ጀሪካኑን አንሣ። እንጨቱን ፍለጥ። ልጁን እጠበው። ዕቃውን አጽዳ። እነሆ 22 ደቂቃህን አገኘሃት፤ ትርፉ ደግሞ ሰላም ነው። «ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ» የሚል ካለ ይበል። ላብህ አይዋሽም።

አንቺ ደግሞ «ስሠራ ነው የምውለው፤ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» ትያለሽ። እውነትሽን ነው። ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ የተመለሰ ሰው እንቅስቃሴ አልጎደለውም። አንቺ የጎደለሽ ዕረፍት ነው። በቀን አንድ ሰዓት የራስሽ ይሁን። ተኚበት፣ ጸልዪበት፣ ስገጂበት፣ ፀጉርሽን ተሠሪበት፣ ዝም በዪበት። ማንም አይሰጥሽም፤ ጠይቂ። ዛሬ ማታ ንገሪው። አታፍሪ!

ማዕድ ቤትሽ ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ አለው? ከሌለው ከቤቱ ሥራ ሁሉ ይህ ይቅደም። ልጅ አዝለሽ ጭስ ላይ አትቁሚ። የተቀጣጠለ ከሰል አስገብታችሁ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

የወባውንም ነገር በአጭሩ ልበል፤ ቆላ ውስጥ ያለ የጤና ምክር ያለ ወባ አይሞላም። አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ፣ ለጭድ ማሰሪያ አልተሰጠህም። ተኛበት። ደግሞ ከእስያ የመጣች አዲስ የወባ ትንኝ አለች፤ በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘች ወዲህ በብዙ ከተሞች ታይታለች። ይህችኛዋ ረግረግ አትፈልግም። በቤት በርሜልና ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ቤት ከዋልክ ሥራ ይኸውልህ፤ በርሜልህን ክደን፣ ጎማውን አንሣ፣ ጣሳውን ድፋ። ትኩሳት ከተሰማህ ደግሞ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አትዋጥ። ተመርመር።

በሽታን ካነሳን፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ ቤት ዘግቶ ነበር። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። ከዚያ መከራ ያተረፈው ነገር አለ፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ግቢ ይጠረጋል፣ ቆሻሻ ተቃጥሎ ይታጠናል። ከመቶ ዓመት በላይ! አየህ? ክፉ ጊዜ ያልፋል፣ በክፉ ጊዜ የተያዘ ልማድ ግን ይቀራል። መጥረጉን አንተም ውረሰው፤ ፕላስቲክ ማቃጠሉን ግን ተወው፣ ሳንባ ይጎዳል። አንተስ ከዚህ ቤት መዋል ምን ልማድ ይዘህ ትወጣለህ?

ረጅም ቤት መዋል እንዴት እንደሚያምር ማየት ከፈለግክ አራስ ቤት ግባ። በክርስቲያኑ ወንድ ከተወለደ 40፣ ሴት ከተወለደች 80 ቀን፤ በሙስሊሙ እስከ 40 ቀን። ወር፣ ሁለት ወር ቤት ውስጥ! ታዲያ ማን ብቻዋን ይተዋታል? ገንፎው በሰዓቱ ይቀርባል። አብሹ ይጠጣል። አንዷ ልጁን ትይዛለች፣ እሷ ትተኛለች። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ፣ ሌላው ዱዓ እያደረገ ይገባል፣ ይወጣል። ቡና ይፈላል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው። ምግብ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ንጽሕና አለ፣ ሰው አለ። አስተሳስሮ የያዘው ሰዓት ነው፤ ሁሉም ነገር ሰዓት አለው።

ሕዝባችን ለአራስ ያዘጋጀውን ይህን ሥርዓት ለራስህ ለምን አታዘጋጅም?

በተለይ ሰውን። ቤት የዋለ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ሰው ነው። «ምን ብዬ ልደውል? ምን አዲስ አለኝ?» ይላል። አዲስ ነገር አያስፈልግም። ደውል። «እንዴት ዋልክ?» በል። በየቀኑ ለአንድ ሰው። ቡና ተጠራርታችሁ ጠጡ። ጎረቤትህ ያሉትን ሽማግሌ ጎብኝ፤ ስለ ድሮው ሸዋ ሮቢት ጠይቃቸው። እሳቸውም ሰው ይፈልጋሉ፣ አንተም ወሬ ይለወጥልሃል።

ወሬ ካልኩ አይቀር፤ ወሬንም ሰዓት ስጠው። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የት ተኩስ ተሰማ የሚለውን ማወቅ አለብህ። ደኅንነትህ ነው። ግን በየአምስት ደቂቃው ቴሌግራም መክፈት መረጃ አይጨምርልህም፤ የልብ ምትህን ነው የሚጨምረው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። የሚያስቸኩል ነገር ካለ የምታምነው ሰው ደውሎ ይነግርሃል። ያላረጋገጥከውን ደግሞ አታሻግር። አንዲት እናት በአንተ መልእክት እንቅልፍ ታጣለች።

ይህን ሁሉ ሞክረህ አልነሳ ብሎህ ከሆነስ? ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ከተሰማህ፣ ምግብም ጨዋታም ካስጠላህ፣ መኖር ካታከተህ፣ ይህ ስንፍና አይደለም። ሕመም ነው። ሕክምና አለው። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ጤና ጣቢያ አብሮህ ይሂድ። አራስ ሆነሽ እንዲህ ከተሰማሽ ደግሞ ዝም አትበዪ፤ በብዙ እናት ላይ ይደርሳል፣ ልጅሽን ስለማትወጂ አይደለም። መናገር ጀግንነት ነው። ለመናገር መወሰን ትችላለህ። ትችያለሽ።

ምሽቱን ነጥቀህ ያዝ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ውጣ፤ የሚቻለው ደጃፍህ ድረስ ብቻ ከሆነም ደጃፍህ ድረስ። ሙቀቱ ቀንሷል፣ ነፋሱ መጥቷል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። ተራመድ። ከልጆቹ ጋር ኳስ ምታ። እራትህን ቀለል አድርገህ ቀድመህ ብላ። ሌሊቱ ይሞቃል ብለህ አትስጋ፤ ጠፍር አልጋህን ነፋስ ወደሚገባበት አዙር፣ አጎበሩን አትርሳ። ማታ 4 ሰዓት ከተኛህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል ተኝተሃል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ሞልቶልሃል።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልያዝ አትበል። ጎሁን ብቻ ያዝ። ጎህ የተያዘ ቀን ቀትሩ ይስተካከላል፣ የደከመ ሰውነት ደግሞ ማታ ራሱ ይተኛል። ለአንድ ሳምንት ጎሁን ብቻ!

ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክህን ከአልጋህ አርቀህ ቻርጅ ላይ ሰካው። አጎበሩን አውርድ፤ ጫፉን ፍራሹ ሥር ክተት። ሁለቱን ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች ሞልተህ በር አጠገብ አስቀምጣቸው። ከዚያ አጥር ተሻግረህ ለጎረቤትህ «ነገ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሰኝ» በለው። ካልመጣ አንተ ሄደህ ቀስቅሰው።